ኤልደን ሪንግ፦ ማርጊት ላይ ኤፍ ፒ እያለቀብኝ ነው፣ ስኪል መቼ ልልቀቅ?

አራት_ኪሎ_ሳሙራይ
ሰላም ጀለሶች። ኤልደን ሪንግ ጀምሬ ማርጊት የሚባለው ቦስ ጋ ተገትሬያለሁ። ሳሙራይ ነኝ። ያው ኡቺጋታናው አለኝ፣ ስኪሉ ደግሞ አንሺዝ ነው፤ ሰይፉን ሰገባ ውስጥ ከትቶ ይጠብቅና መዝዞ የሚቆርጠው። ሲያርፍ ነፍ ይጎዳል። ችግሩ ገና ስንጀምር ደጋግሜ ስለቀው ሰማያዊው መስመር፣ ስኪል የሚበላው ኤፍ ፒ፣ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያ ጠርሙስ ልጠጣ ስል ሽማግሌው ላዬ ላይ ነው። ጓደኛዬ «ሌቭል ጨምር በቃ» ይላል። እሱ ግን ከእኔ ባነሰ ሌቭል ነው ያለፈው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ሌቭል ብቻ አይመስለኝም። ደግሞ የምጫወተው ፕሌይስቴሽን ቤት በሰዓት እየከፈልኩ ነው፣ «ዓለሙን ዞረህ ተመለስ» የሚለው ምክር ለኪሴ አይመችም። ስኪሉን መጀመሪያ ላይ ልጨርሰው ወይስ ለሁለተኛው ፌዝ ላቆየው?

ካዛንቺስ_ቦይ
ስኪሉን እርሳው። ኡቺጋታና በራሱ ብሊድ አለው። አር 1፣ ቀላሉን ምት፣ እየመታህ ሮል አድርግ፣ ደሙ ሲሞላ ራሱ ይፈነዳል። እኔ ኤል 2 የሚባል የስኪል ቁልፍ መኖሩን ያወቅኩት ቀጣዩን ቦስ ጎድሪክን ከገደልኩ በኋላ ነው ሃሃሃ

ጥቁር_ቢላዋ
ካዛንቺስ፣ ያንተ መንገድ ይሠራል፣ ግን ልጁ የጠየቀው ሌላ ነው።

ሳሙራይ፣ «መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ» የሚለውን ተወው። ስኪል የሚለቀቀው ቦሱ ክፍተት ሲሰጥህ ነው። አንተ አሁን ደሞዝ የወጣ ማታ እንደሚጋብዝ ሰው፣ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ትበትነዋለህ። ኤፍ ፒ ስላለህ አትልቀቅ። እሱ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ልቀቅ።

ማርጊት ላይ ይሄ ሰዓት የቱ ነው? ሰውየው ያዘገያል። ዱላውን ያነሳል፣ አንተ ደንግጠህ ትንከባለላለህ፣ እሱ ገና አየር ላይ ይዞት ነው፣ ተነስተህ ስትቆም ያወርድልሃል። ሆን ተብሎ የተሠራው ቸኩሎ ሮል የሚያደርገውን ለመቅጣት ነው። ስለዚህ ዱላው ሲነሳ አትንቀሳቀስ፣ መውረድ ሲጀምር ነው የምትንከባለለው። መሬት ከመታ በኋላ፣ በተለይ ዘሎ የወረደ ጊዜ፣ ለአንድ አንሺዝ የሚበቃ ጊዜ አለ። አንድ። ሁለተኛውን ልጨምር ካልክ ይይዝሃል፣ ከኋላው ከሆንክ ደግሞ ጅራቱ አለ።

አንሺዝ አንድ የምወድለት ነገር አለው። ሰገባ ውስጥ ከተህ ስትቆም ኤፍ ፒ አይበላም፣ የሚበላው ስትቆርጥ ነው። ስለዚህ ጎን ሮል አድርገህ ኤል 2 ይዘህ ተዘጋጅ፣ ክፍተቱ ካልመጣ ልቀቀውና ሽሽ፣ አንድም ነጥብ አልከሰርክም። ሲመጣ አር 1 ፈጣኑና አግድሙ ነው፣ አር 2 ከበድ ያለው። ብዙ ሰው ኤል 2 ከያዘ የግድ መቁረጥ ያለበት ይመስለዋል።

ሌላው ደግሞ ጠርሙሱ። ማርጊት ርቀህ ስትጠጣ ካየህ የብርሃን ጩቤ ይወረውርብሃል። አጋጣሚ አይደለም፣ ቁልፍ ስትጫን እያነበበ ነው የሚመልሰው፣ ይሄ ጨዋታ ላይ ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው። ስለዚህ መጠጣት ያለብህ ሸሽተህ ሳይሆን ኮምቦውን ጨርሶ ዱላው መሬት ላይ እያለ ነው። አዎ፣ ልክ ስኪል በምትለቅበት ሰዓት። አንዱን ክፍተት ወይ ለመምታት ወይ ለመጠጣት ነው የምታውለው፣ ለሁለቱም አይበቃም።

አራት_ኪሎ_ሳሙራይ
አቦ ይመችህ፣ ኤል 2 ይዞ መልቀቅ እንደሚቻል ማን ነገረኝ! አንድ ነገር ግን፣ አንዳንዴ አንሺዝ ሲያርፍበት ይንበረከካል፣ አንዳንዴ ምንም አይመስለውም። ዕድል ነው?

ጥቁር_ቢላዋ
ዕድል አይደለም። ጨዋታው የማያሳይህ ሌላ መስመር አለ፣ ስታንስ ይሉታል። ስትመታው ይቀንሳል፣ ትንሽ ከተውከው መልሶ ይሞላል። አር 1 ጥቂት ነው የሚቀንሰው። ተይዞ የሚለቀቅ አር 2፣ ዘሎ የሚመታ አር 2፣ እንደ አንሺዝ ያሉ ስኪሎች ደግሞ ብዙ። ባዶ ሲሆን ድምፅ አሰምቶ ይንበረከካል፣ ያኔ ፊቱ ሄደህ አር 1፣ ክሪቲካል ነው።

አሁን ያንተን ፍልሚያ አስብ። ገና በሩን ስትገባ ሁለት አንሺዝ ትለቅና ኤፍ ፒ ሲያልቅብህ ትሮጣለህ፣ አንተ ስትሮጥ ስታንሱ ይሞላለታል። ያ ሁሉ ሰማያዊ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ገልብጠው። መጀመሪያ ነፃ በሆኑት፣ በዝላይ አር 2 ስታንሱን ቀንስለት፣ ሳትርቅ፣ ፋታ ሳትሰጠው። ከዚያ የመስበሪያውን ምት በአንሺዝ። ብሊዱም አብሮ እየሞላ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲገጣጠሙ የሚወርደውን ኤች ፒ ታየዋለህ።

እና ኤፍ ፒ ሳይኖርህ ስኪል አትጫን። ምልክቱ ደብዘዝ ብሎ እያየኸው ብትጫነው እንቅስቃሴውን ያደርገዋል፣ ግን ኃይል የለውም፣ ቆመህ መቅረትህ ብቻ ነው ትርፉ።

ፋራ_አይደለሁም
በዚህ ሁሉ ከምትደክም በደወል የሚጠሩትን የመንፈስ ረዳቶች፣ ተኩላዎቹን፣ አትጠራም? ሦስት ናቸው፣ እሱ እነሱን ሲያባርር አንተ ከኋላ ትቆርጣለህ።

ሲኦል_ሞድ
ይኸው መጣ ደግሞ። አሽ (የመንፈስ ረዳት) ጠርቶ ቦስ መግደል መግደል ነው? እኔ ብቻዬን ነው የጣልኩት፣ ሌላው ፊልም አይቶ እንደመጨረስ ነው።

ፋራ_አይደለሁም
ወንድሜ ሽልማት አለው እንዴ ብቻ መግደል? ጨዋታው ደወሉን በነፃ ሰጥቶሃል። የጨዋታው ዳይሬክተር ሚያዛኪና ሠሪው ፍሮምሶፍትዌር ጠላቱን ያዘጋጁት ይሄ መሣሪያ እንዳለህ እያወቁ ነው። ሌላ ተጫዋች ለእርዳታ (ኮኦፕ) ስትጠራ አሽ መጥራት አይፈቀድም፣ እነሱም አስበውበታል ማለት ነው። ብቻህን መጫወት ከፈለግክ ደስ ይበልህ፣ ግን ልጁ በሰዓት እየከፈለ ነው፣ ያንተን ክብር እሱ አይከፍልልህም።

ሚጢጢ_ኮሜት
ፋራ ልክ ነው፣ ግን ተኩላ መጥራትም ቢሆን ጊዜ አለው። 55 ኤፍ ፒ ነው የሚበሉት፣ ለጀማሪ ሳሙራይ ከግማሽ በላይ ነው። ሰው የሚሳሳተው ጠርቶ ወዲያው መምታት መጀመሩ ነው። እኔ የማደርገው፦ ልክ በሩን እንዳለፍኩ፣ እሱ እየተራመደ እያለ እጠራለሁ፣ ከዚያ እሱ ወደ ተኩላዎቹ ሲዞር ሰማያዊ ጠርሙሴን እጠጣለሁ። ያኔ ፍልሚያውን የምትጀምረው ሙሉ ኤፍ ፒ ይዘህ፣ ሦስት ተኩላ ከጎንህ አቁመህ ነው። ጠርሙሱን «በኋላ ይጠቅመኛል» ብሎ ማስቀመጥ ማርጊት ላይ አያዋጣም፣ በኋላ ፋታ አይሰጥህማ።

የጠርሙስ ክፍፍልም አለ። ስትጀምር አራት ናቸው፣ 3 ቀይ (ለኤች ፒ) 1 ሰማያዊ (ለኤፍ ፒ)። ግሬስ፣ ማረፊያው፣ ላይ ቁጭ ብለህ መቀየር ትችላለህ፣ ብዙ ሰው ይሄን ሳያውቅ ጨዋታውን ግማሽ ያደርሳል። ወርቃማ ዘር እየሰበሰብክ እስከ 14 ይደርሳል። ለአንሺዝ ሰው ሁለት ሰማያዊ ለማርጊት ጥሩ ነው እላለሁ፣ ሮልህ ደህና ከሆነ።

ደወሉን ካላገኘህ፦ ቶረንትን፣ ፈረሱን፣ ካገኘህ በኋላ ማታ ላይ ወደ ኤሌ ቤተክርስቲያን ተመለስ፣ ሬና የምትባል አለች። ካለፈችህ የተጫዋቾች መሰብሰቢያ የሆነው ራውንድቴብል ሆልድ ያሉት መንትያ ገረዶች ይሸጡታል።

ጥቁር_ቢላዋ
ሮጂየር የሚባለውን ረዳት ገጸ ባህሪም አትርሱት። ከጭጋጉ በር ፊት ወርቃማ ምልክት አለ፣ ይጠራል። የቦሱ ኤች ፒ ትንሽ ይጨምራል፣ ግን ትኩረቱን የሚከፍልልህ ሰው አገኘህ። ደግሞ ፓችስ የሚባለው ሰውዬ ማርክዋተር ዋሻ ውስጥ የሚሸጠው ሰንሰለት አለ፣ 5000 ሩን (የጨዋታው ገንዘብ)። ስትጠቀምበት ማርጊት መሬት ላይ ይጣበቃል። የመጀመሪያው ፌዝ ላይ ብቻ፣ ሁለት ጊዜ። እና እንዳታባክነው፤ መጠቀም ያለብህ ኤፍ ፒህ ሙሉ ሆኖ፣ ስታንሱም ግማሽ ወርዶ እያለ ነው። ታስሮ እያለ በነፃ ምት እያሳለፍክ ከሆነ ሩንህን ለምን ከፈልክ?

(ፓችስን ግን አትግደለው፣ እጁን ሲሰጥ ተወው። ሌባ ነው፣ ግን ሱቁ ያስፈልግሃል።)

ሜክሲኮ_ጋሻ
ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እኔ ቡክለር፣ ትንሽ ጋሻ፣ ይዤ ነው የምጫወተው፣ ኤል 2 ስጫን የሰይፌ ስኪል አይወጣም፣ ጋሻው ነው ፓሪ የሚያደርገው፣ ምት የሚመልሰው። ተበላሽቶብኝ ነው?

ጥቁር_ቢላዋ
አልተበላሸም። ግራ እጅህ ላይ ያለው ጋሻ የራሱ ስኪል ካለው ቅድሚያው ለጋሻው ነው። ሁለት መውጫ አለ። ወይ ሰይፉን በሁለት እጅህ ያዘው፣ ያኔ የሰይፉ ስኪል ይወጣል። ወይ ደግሞ «ኖ ስኪል» የሚባለውን አሽ ኦፍ ዋር (መሣሪያ ላይ የሚደረግ ስኪል እንጂ የሚጠራው አሽ አይደለም) ጋሻው ላይ አድርግ፣ በርናል ይሸጠዋል፣ ዋርማስተርስ ሻክ ያለው ሰውዬ። ስሙን ሲያዩ ሰዎች ይስቃሉ፣ «ምንም የማያደርግ ነገር ለምን ይሸጣል» ይላሉ፣ ግን ጋሻና የሰይፍ ስኪል አብሮ ለሚፈልግ ሰው ከብዙ ውድ አሽ ይበልጣል። ያ ያንተን ፓሪ ያጠፋዋል እንግዲህ፣ ፓሪ ከወደድክ ሁለት እጁ ይሻልሃል።

አሽ ለመቀየር መጀመሪያ ጌትፍሮንት ሩይንስ ምድር ቤት ውስጥ ያለውን ዌትስቶን ናይፍ አንሳ። ሳጥኑ ውስጥ ስቶርም ስቶምፕ የሚባል አሽም አብሮ አለ። መቀየር ሩን አይፈጅም፣ ግሬስ ላይ እንደፈለግክ ታደርገዋለህ፣ ስለዚህ ለአንድ ቦስ አንድ ስኪል፣ ለመንገድ ሌላ መያዝ ይቻላል።

ካዛንቺስ_ቦይ
እኔ እስካሁን ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው የጨረስኩት እንዴ

ሲኦል_ሞድ
ሃሃሃ ክብር ለካዛንቺስ

የካቲት_12
በዚሁ ስለ ማሌኒያ፣ ስለ ከባዷ ቦስ፣ ልጠይቅ። ማርጊትማ ድሮ ቀረ። ሚሚክ ቲር፣ አንተኑ የሚመስለው አሽ፣ አለኝ፣ ሙሉ አፕግሬድ፣ ግን እሱ እየመታት እሷ ትድናለች። ምን ዓይነት ሥራ ነው?

ሚጢጢ_ኮሜት
ማሌኒያ መምታቷ ነው የሚያድናት። ማንንም። አንተን፣ ጋሻህን፣ የጠራኸውን ሁሉ። ብሎክ ብታደርገውም ኤች ፒ ይጨምርላታል። ለዚህ ነው ቀስ ያለ፣ ከምት የማያመልጥ አሽ እሷ ላይ ይዞ መግባት ስንቅ ይዞላት እንደመግባት የሚሆነው። ተኩላ ብትጠራማ ድግስ ነው።

ሚሚክ ጥሩ ነው፣ ግን ልብ በል፣ በምትጠራበት ቅጽበት የያዝከውን ነው የሚቀዳው። ከባድ ጋሻ ይዘህ ከጠራኸው ሲከላከል ውሎ ሲያድናት ይውላል። ስለዚህ ከመጥራትህ በፊት ጋሻውን አውልቅ፣ ብሊድ ወይም ፍሮስት ያለው መሣሪያ ያዝ፣ ጠራኸው፣ ከዚያ አንተ የፈለግከውን መልሰህ ልበስ። ዋጋው ኤፍ ፒ ሳይሆን 660 ኤች ፒ ነው፣ ስለዚህ እንደጠራኸው ቀዩን ጠጣ፣ እሷ ስትደርስ ግማሽ ሆነህ እንዳታገኝህ።

ፍሮስት እሷ ላይ ይሠራል። አንዴ ሲፈነዳ ለ30 ሰከንድ የምትቀበለው ጉዳት በ20 በመቶ ይጨምራል። ትልቁን ስኪልህን የምታስቀምጠው ለዚህች 30 ሰከንድ ነው፣ ከዚያ በፊት አይደለም። ጊዜው ሲያልቅ እንደገና ትሞላዋለህ፣ ወይም በእሳት ብትመታት ፍሮስቱ ይጠፋና መሙላቱ ከአዲስ ይጀምራል። እኔ እሳት የምቀላቅለው መጨረሻው አካባቢ ነው፣ ሰው ግን ገና ፍሮስቱ እንደፈነዳ እሳት ይወረውርና ያን 20 በመቶ በራሱ እጅ ያጠፋዋል።

የካቲት_12
እና ያ አየር ላይ ቆማ የምትጨፍረው? እሱ ነው የሚጨርሰኝ።

ጥቁር_ቢላዋ
ወተርፋውል ዳንስ። እዚያ ላይ ስኪል የሚያስፈልግህ ለመምታት ሳይሆን ለመሸሽ ነው። ብለድሃውንድስ ስቴፕ የሚባለው የመሸሻ ስኪል ካለህ ኤፍ ፒህን ለእሱ አስቀምጥ፣ ሰማያዊ መስመርህ ከሁለት ሦስት ስቴፕ በታች ወርዶ እያለ እሷ አጠገብ አትቁም። ዘላ አየር ላይ ስትቆም ወዲያው ራቅ፣ «አንድ ምት ልጨምር» የሚል ሰው እዚያ ነው የሚቀረው።

ሁለተኛው ፌዝ ስትጀምር ደግሞ ከላይ ትወርድና አበባው ይፈነዳል። ፍንዳታው ካለፈ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ቆማ ትቀራለች። ሮቱ፣ የሚያበሰብሰው መርዝ፣ እንዳይሞላብህ ብዙ አትቆይ፣ ግን ከፍልሚያው ሁሉ ይሄን የመሰለ ንጹህ ክፍተት ብዙ አታገኝም። ትልቁ ስኪልህ ለዚያ ይኑርህ።

ሲኦል_ሞድ
ሆርፍሮስት ስቶምፕ የሚባለውን ስኪል አድርግና ተገላገል።

ፋራ_አይደለሁም
የት ነበርክ አንተ? እሱ እኮ እንደ ፈረንጆቹ 2022 ጨዋታው በወጣ በወሩ ነው የተቀነሰው፣ ፓች 1.03። ሚሚክ ቲርንም አብረው ነው የነኩት። ያኔ የአንድ ቁልፍ ሰዎች ሁሉ እዬዬ ሲሉ አይቻለሁ፣ ሌላ ነገር አልተማሩማ።

ሲኦል_ሞድ
እየቀለድኩ ነው። ግን አሁንም መጥፎ አይደለም።

የካቲት_12
ሚጢጢ፣ አንቺ ስምሽ ኮሜት ነው፣ ኮሜት አዙር የሚባለውን አስማት ለምን አልመከርሽኝም?

ሚጢጢ_ኮሜት
ስለምወደው ነው ያልመከርኩህ። 60 ኢንተሊጀንስ ይጠይቃል፣ አንድ። ሁለተኛ፣ ሲተኮስ አንድ ቦታ ቆመህ ነው፣ እሷ ደግሞ ቆማ የምትጠብቅህ ሴት አይደለችም። ፊዚኩ፣ የሚቀላቀለው ጠርሙስ፣ ላይ ሴሩሊያን ሂደን ቲር ቀላቅለህ ከጠጣህ ለጥቂት ሰከንድ ኤፍ ፒ አይቆጠርብህም፣ አስማትን የሚያጠነክረው ቴራ ማጂካ ላይ ቆመህ ከለቀቅከው ደግሞ ቀርፋፋ ቦስ ሲቀልጥ ታያለህ፣ እኔ እሱን ለማየት ብቻ ሌላ ካራክተር ከፍቻለሁ። ፈጣን ቦስ ላይ ግን ሙሉ ጠርሙስህንና ያን ፊዚክ ግድግዳ ላይ ረጭተህ ትቀራለህ። ኃይለኛ ስኪል ሁሉ እንደዚህ ነው፣ በትልቅነቱ ልክ ቦታ ላይ ያስርሃል። ስትመርጥ ስንት እንደሚጎዳ ሳይሆን ስንት ሰከንድ እንደሚይዝህ እይ።

ሜክሲኮ_ጋሻ
ኤፍ ፒ ለመቆጠብ ማይንድ (ኤፍ ፒ የሚያሳድገው ስታት) መጨመር ይሻላል ወይስ ታሊስማን፣ የሚታጠቅ ጌጥ?

ጥቁር_ቢላዋ
ስኪል በብዛት የምትጠቀም ከሆነ ካሪያን ፊሊግሪድ ክሬስት፣ የስኪል ወጪን በ25 በመቶ ይቀንሳል። ሊዩርኒያ ስትደርስ ኢጂ የሚባል ግዙፍ አንጥረኛ አለ፣ እሱ ጋ ነው። ለአስማት ግን አይሠራም፣ ስኪል ላይ ብቻ። ማይንድ ትንሽ ጨምር፣ ግን ቪገርን፣ የኤች ፒውን ስታት፣ ሳትረሳ። የሞተ ሰው ኤፍ ፒ አያስፈልገውም።

ፋራ_አይደለሁም
ዲኤልሲው ላይ ልትገቡ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ሻዶ ኦፍ ዘ ኧርድትሪ፣ እዚያ ሌቭልም ስኪልም ብቻውን አያወጣችሁም። ስካዱትሪ ፍራግመንት ሰብስቡ፣ እዚያ ብቻ ጉልበት የሚሰጣችሁ ደረጃ እስከ 20 ይወጣል። ለአሾቹ ደግሞ ለብቻው ሌላ አለ፣ እስከ 10። «ስኪሌ ደከመ» የሚል ሰው ሁሉ ስትጠይቁት የፍራግመንቱ ደረጃ ሁለት ነው።

አራት_ኪሎ_ሳሙራይ
ሁሉንም ጽፌዋለሁ። አንድ የመጨረሻ የማይመስል ጥያቄ። ይሄ ጨዋታ ፖዝ የለውም አይደል? ቦስ መሃል ስልክ ቢደወል፣ ወይ ባለቤቱ ሒሳብ ሊቀበል ቢመጣ እየሞትኩ ነው።

ሚጢጢ_ኮሜት
አለው፣ ደብቀውት ነው። ኦፍላይን ሆነህ ኢንቬንተሪ ክፈት፣ ከዚያ ሄልፕ የሚለውን ተጫን፣ «ሜኑ ኤክስፕላኔሽን» የሚለውን ምረጥ። የማብራሪያው ጽሑፍ እንደተከፈተ ጨዋታው ይቆማል። እኔ ቤት እናቴ ቡና ደርሷል ስትል የምጠቀመው እሱን ነው። ማርጊት ዱላውን አንስቶ አየር ላይ ይዞ ሦስተኛው እስኪጠጣ ይጠብቃል።

ካዛንቺስ_ቦይ
መብራት ሲጠፋስ?

ሚጢጢ_ኮሜት
እሱን ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ ብዙ አትከስርም። ቦስ መሃል ከነበርክ ግን ከበሩ ውጭ ነው የምትነሳው፣ ቦሱም ሙሉ ኤች ፒ ይዞ ይጠብቅሃል። እና ሳሙራይ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት ከሆነ ካራክተርህን ስም አውጣለት። በአንድ አካውንት 10 ቦታ ነው ያለው፣ ሲሞላ ማን የማንን እንደሚያጠፋ አይታወቅም።